ላመል ታህል፦ «ትንሽ» ስንት ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ ጥቂት ይሰማና ዝቅ ይላል)

የቋንቋ ዝግጅታችን ዛሬ የሚያወራው ስለ ትንሽ ነገር ነው። በቁሙ ውሰዱት፤ ርዕሳችን ራሱ «ትንሽ» ነው። የድምፅ ባለሙያችን ጽሑፌ ላይ «ሙዚቃው ጥቂት ይሰማ» የሚለውን አይቶ «ጥቂት ስንት ሰከንድ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ቁጥር ካልነገሩት አይሠራም። እኛ ግን አሰላ ከተማም ሆነ ኢተያ፣ ሳጉሬም ሆነ በቆጂ፣ ከማለዳው ቡና እስከ ማታው እራት ድረስ ላመል፣ ቆንጠር፣ ጠብታ፣ ቁራሽ፣ እፍኝ፣ ጭላጭ፣ «እዚህች ጋ»፣ «አንዴ መጣሁ» ስንል እንውላለን፤ ስንት እንደሆነ የሚጠይቀንም የለም። አለመጠየቃችን ለምን እንደሆነ፣ መጠየቅ ያለብንስ መቼ እንደሆነ ዛሬ እናያለን።

ከማዕድ ቤት ልነሳ። አንዲት የአሰላ ልጅ ባህር ማዶ ሄዳ፣ ከዚያ ሆና ለእናቷ ስትደውል አስቡ። ጭኮ አምሯታል። የተቆላ የገብስ ዱቄትም እንደምንም ብላ አግኝታለች።

«እማዬ፣ ቅቤው ስንት ይሁን?»

«እስኪያርሰው ነዋ ልጄ።»

«እሺ፣ ጨውስ?»

«ቆንጠር አድርጊበት።»

«ኮረሪማስ?»

«ላመል ታህል። እንዳታበዢው ብቻ!»

ልጅቱ በግራም ብትጠብቅ እናትየው በጣቷ፣ በዓይኗና በአፍንጫዋ ነው የመለሰችላት። ቆንጠር ማለት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጫፍ የሚያዝ ያህል ነው። ጣቱ እንደየሰው ቢለያይም፣ ምግቡን የምትሠራውም ጨው የምትቆነጥረውም አንዲት ሴት ስለሆነች የምትሳሳተው ከስንት አንዴ ነው። «ላመል» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። አመል ማለት ጠባይ፣ ልማድ ነው፤ ላመል ሲባል እኔ የሚገባኝ «ልማዱ እንዳይቀር ያህል» ነው። ኮረሪማው በወጉ መግባቱ ይታወቅ እንጂ ጎልቶ አይሰማ ማለት ነው። ከዚህም ያነሰ ሲፈለግ «ለመድኃኒት ያህል» አለ። ስኳር ከሱቅ ሲጠፋ «ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም» እንላለን።

ማዕድ ቤቱን ሳንለቅ ሰውነታችን ራሱ የመስፈሪያ ዕቃ መሆኑን ልብ በሉ። በጣት ቆንጠር፣ በመዳፍ እፍኝ፣ በቡጢ ጭብጥ፣ በአፍ ጉርሻ፣ ለመጠጥ ጉንጭና ፉት። ለርዝመት ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከእህልና ከጨርቅ አልፈው ሰው መቁጠሪያ ሆነዋል፤ ስብሰባ ላይ ሰው ሲጠፋ «እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች መጡ»፣ «በጣት የሚቆጠሩ ናቸው» ይባላል። ጉርሻ ከሁሉም ትለያለች። አንድ አፍ እንጀራ ናት፣ ግን አጉራሹ ሲወድህ መጠኗ ከአፍህ ይበልጣል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ «ትንሽ ብቻ» ብሎ የተቀመጠ እንግዳ ተነፍቶ ይነሳል። ሆቴል ውስጥ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ገንዘብም ጉርሻ መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ደመወዝ አይደለም፣ ዋጋም አይደለም፣ በፍቅር አፍ ላይ የሚጣል ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው ልውሰዳችሁ፤ አትሽሹ፣ አጭር ነው። አማርኛ ትንሽነትን በቃል ብቻ አይናገርም፣ በግሱ ቅርጽ ውስጥም ሸሽጎታል። እነዚህን ሦስት አነጋገሮች አድምጡ። «በሩን ክፈተው።» «በሩን ከፈት አድርገው።» «በሩን ክፍት አድርገው።» የመጀመሪያው ትእዛዝ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጭሱ እንዲወጣ ገርበብ አድርገው ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በአንዴ፣ ወለል አድርገህ ማለት ነው። ሥሩ አንድ ነው፤ የተለወጡት በመካከሉ ያሉት አናባቢዎች ናቸው። ሰበር አለ፣ ስብር አለ። ቀነስ አደረገ፣ ቅንስ አደረገ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ትልቅ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ላይ ይህንን ቅርጽ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶ አስረድቶታል። እኛ ግን መጽሐፍ ሳናይ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነው።

ይህ ቅርጽ ባይኖር የአርሲን ደጋ የአየር ጠባይ መናገር ራሱ ያስቸግር ነበር። ዝናቡ ጋብ ይላል፣ ጭጋጉ ገለጥ ይላል፣ የጭላሎ ተራራ አናት ብቅ ይላል፣ ፀሐይዋ ሞቅ ታደርጋለች፣ ነፋሱ ደግሞ መለስ ይላል። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ነው። ሰውንም እንዲሁ ነው የምንነካው፦ ጠጋ በል፣ ፈቀቅ በይ፣ ቀና በሉ፣ ዘወር በልልኝ። «ዕድሜያቸው ገፋ ያለ»፣ «ኑሮው ደከም ያለ»፣ «ጆሮው ከበድ ያለ» ማለትም ለሰው ክብር መጠበቂያ ነው። አንድ ሰው ከጠላ ቤት ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ቢሄድ እንኳ ጓደኞቹ «ሰክሯል» አይሉም፤ «ሞቅ ብሎታል» ነው የሚሉት። ሚስቱ ግን ሌላ ግስ ትጠቀማለች።

ሁለተኛው የሰዋስው መንገድ ሴቴ ጾታ ነው። «አንዲት ነገር ላስቸግርዎት ነበር ጋሼ።» ነገር ሴት ናት እንዴ? አይደለችም፤ ትንሽ ናት፣ ቢያንስ ጠያቂው ትንሽ እንድትመስል ይፈልጋል። «ቅንጣት ታህል»፣ «ይቺን ብር»፣ «ያቺን መሬት»፣ «ቤቷን አየኋት» የሚሉት ሁሉ በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ናቸው። ሴት አድማጮቻችን ቅር ሊላችሁ ይችላል፤ ትንሽ የሆነ ሁሉ ለምን ወደ እኛ? ልክ ናችሁ። ግን በዚህ ቅርጽ ውስጥ ፍቅርም አብሮ መኖሩን አትርሱ። እናት ወንድ ልጇን «አንቺ» ብላ የምታቆላምጠው አሳንሳ ለመናቅ አይደለም። ብድር ጠያቂውም «አንዲት መቶ ብር» ሲል ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያሳንሰው፣ ልመናውንም ያለሰልሳል። አበዳሪው ግን ሲያስመልስ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፦ «ያ መቶ ብር!» ብሯ በመካከል ወንድ ሆናለች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የትንሽነት ቃሎቻችን በዘፈቀደ የሚለዋወጡ አይደሉም። ብጣሽ ለወረቀትና ለጨርቅ ነው። ቁራሽ ለዳቦ ነው። ቅንጣት ለእህል፣ ጠብታ ለውሃና ለማር፣ ዘለላ ለእንባ፣ ፍንጣሪ ለእሳትና ለጥይት፣ ጭላንጭል ለብርሃንና ለተስፋ። ኩርማን ደግሞ ብዙ ሰው በደፈናው «ትንሽ» ማለት ቢመስለውም ልክ አለው፤ አንድ እንጀራ አራት ቦታ ሲከፈል አንደኛው ነው። «ኩርማን መሬት» ስንል ግን ሩብነቱ ጠፍቶ ትንሽነቱ ብቻ ቀርቷል።

እነዚህን ቃላት ጠጋ ብላችሁ ካያችኋቸው በሦስት ወገን የቆሙ ናቸው። ቅንጣት፣ ጠብታና ፍሬ ራሳቸውን የቻሉ፣ ከማንም ያልተቆረሱ ትንንሾች ናቸው። ቁራሽ፣ ብጣሽና ኩርማን ከሙሉው ላይ የተቆረጡ ናቸው። ጭላጭ፣ ሙጣጭ፣ እንጥፍጣፊና ፍርፋሪ ግን ከሌላ ሰው የተረፉ ናቸው። መጠናቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ክብራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እንግዳ መጥቶ «ጠብታ ጠላ ቅመሱ» ብትሉት ትሕትና ነው። «ጭላጭ ጠላ አለ፣ ቅመሱ» ብትሉት ግን ከሌላ የተረፈ ልታጠጡት መሆኑን ነግራችሁታል፤ ተነስቶ ቢሄድ አይፈረድበትም። ቁራሽ ለእረኛ ስንቅ ይሆናል፤ ፍርፋሪ ለዶሮ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ የውጭ አገር ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ ቢመጣ ሁሉም ቦታ ላይ «ትንሽ» የሚል ፍቺ አግኝቶ ገደል ይገባል።

ወጣቶቻችን አሁን አሁን ሁሉንም «ሚጢጢ» እና «ትንሽዬ» በሚሉት ሁለት ቃላት እየጠቀለሏቸው ነው። ሚጢጢ ዳቦ፣ ሚጢጢ ወረቀት፣ ሚጢጢ ብርሃን። ቃሏ ራሷ አትጠላም፣ ጨዋታ አላት። ግን ሁሉንም ቦታ ከያዘች ብጣሹም ቁራሹም ሥራ ይፈታሉ፤ እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም።

(የገበያ ጫጫታ ድምፅ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ወደ ገበያ እንውጣ። ጉሊት ላይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመደብ ነው የሚሸጠው። መደብ ማለት ሻጯ በእጇ የደረደረቻት ትንሽ ክምር ናት። ሚዛን የላትም፤ ዋጋ ሲወደድ የመደቡ ዋጋ እንዳለ ይቆይና ቲማቲሞቹ ይቀንሳሉ። ቆሎውና ቅመሙ በሲኒ ወይም በብርጭቆ፣ እህሉ በጣሳ ይሰፈራል። ጣሳው ተቆልሎ ነው ወይስ ከአፉ ተስተካክሎ? ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ይቺ ሞላች ይባላል? ጨመር አድርጊበት እንጂ።»

«ልጄ፣ አይበቃሽም? ይኸው ምራቂ።»

ምራቂ የምትባለው ከተሰፈረው በላይ ጣል የምትደረገው ናት። መረቀ የሚለው ግስ ባረከ ማለትም፣ በሽያጭ ላይ ጨመረ ማለትም ነው። ስለዚህ ያቺ እፍኝ የማትሞላ ጭማሪ ከእህልነቷ ይልቅ ምርቃትነቷ ይበልጣል፤ ሻጭና ገዢ በቅያሜ እንዳይለያዩ ታደርጋለች። አሰላ ላይ ደግሞ ይህ ንግግር በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው ማለቁ የተለመደ ነው። በአፋን ኦሮሞ ጢቆ ማለት ትንሽ ነው፤ «ጢቆ ናፍ ደበሊ» ያለች ገዢ «ትንሽ ጨምሪልኝ» ማለቷ ነው፤ ሻጯም በአማርኛ «እሺ፣ ይኸው» ብላ ትመልሳለች። ከአረብ አገር የተመለሱት እህቶቻችን «ሹወያ» ሲሉ ብትሰሙም አትደነቁ፤ የአረቦቹ «ትንሽ» ናት። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ወጥ ላይ ላመል ታህል የሚገባውን ነገር «ሱፕሶን» ይሉታል፤ በቁሙ ሲፈታ ጥርጣሬ ማለት ነው። ቅመሙ መግባቱ እስኪያጠራጥር ድረስ ትንሽ ይሁን ለማለት ይመስላል። ከእኛ ላመል ጋር ቢገናኙ የሚግባቡ ይመስለኛል።

መጠጥ ቤት ውስጥ ያለችውን ትንሽዬ የአረቄ ብርጭቆ ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ትታዘቡኛላችሁ። ስሟ «መለኪያ» ነው! ትክክለኛ ልክ ያላት የምትመስለው ዕቃ፣ ሰው ቁጥሩን ቶሎ የሚረሳባት ዕቃ ሆናለች።

ገንዘብ ላይ ስንመጣ ቋንቋችን ካዝናውን ሁሉ ይከፍታል። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው «ገንዘብ የለኝም» ብሎ አያበቃም። «ሰባራ ሳንቲም የለኝም»፣ «ድንቡሎ የለኝም»፣ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። ቤሳ በድሮ ጊዜ የነበረች የመዳብ ሳንቲም ናት፤ ሳንቲሟ ከገበያ ከወጣች ስንት ዘመን ሆኗት፣ አለመኖሯ ግን እስካሁን ይነገራል። ሽልንግም እንደዚያው ናት። እንግሊዞች ጣሊያንን ተከትለው ሲገቡ የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ስለተተመነ የብር ግማሽ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲም፣ «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ። ሃያ አምስቱ ደግሞ ስሙኒ። ዛሬ በስሙኒ ምን ይገዛል? ምንም። በስሙኒ ማስቆጣት ግን ይቻላል፤ «ስሙኒ አይሞላም» የተባለ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ገንዘቡ ዋጋ እያጣ በሄደ ቁጥር የሳንቲሞቹ ስም ከሒሳብ ወደ ስድብና ወደ ቀልድ ይዛወራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሰው በወዳጅነት ሲገናኝ ቋንቋው ልል ነው፤ ጥቅም ሲጋጭ ግን ወዲያው ቁጥር ይሆናል። በአርሲ ባለመሬትና ጭሰኛ በነበረበት ዘመን ምርት ሲካፈሉ «ትንሽ ውሰድ፣ ትንሽ ተውልኝ» አይባልም ነበር። እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ ነበር የሚባለው፤ ግማሽ፣ ሦስተኛ እጅ፣ አራተኛ እጅ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ያንን ሥርዓት እስኪያፈርስ ድረስ እነዚያ ሦስት ቃላት የብዙ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ የሚወስኑ ነበሩ። ከተስፋ በቀር ልል ነገር አልነበራቸውም።

መስፈሪያውስ? ቁና እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ጥንቱ የኢትዮጵያ መስፈሪያና ሚዛን በጻፈው ጥናት ላይ አንዱ ስም በተለያየ ቦታ የተለያየ መጠን እንደነበረው በዝርዝር አሳይቷል። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ቢበልጥ የሚጎዳው እህሉን አምጥቶ የሚሸጠው ገበሬ ነው፤ መስፈሪያው የነጋዴው ስለሆነ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1963 የሜትር ሥርዓትን በአዋጅ አጸና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎቻችሁ «ካዱ» ብላችሁ የምታውቁት፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ብቻ አይደለም ያመጣው፤ እህልና ወተት የሚረከብባቸው ጣቢያዎችንም ከፈተ። ቁናና ስልቻ የለመደ ገበሬ ከኪሎና ከኩንታል ጋር ተፋጠጠ።

ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ «ቅንጣት» የምትለዋን ቃል በሥራው ቁጥር አድርጓታል። አንዲት የስንዴ ፍሬ በሚዛን ላይ ብቻዋን ብትቀመጥ ምን ትባላለች? ተመራማሪዎች አንድ ሺህ ፍሬ ቆጥረው በአንድ ላይ ይመዝናሉ፤ «የሺህ ፍሬ ክብደት» ይባላል። ጥሩ ስንዴ ሺው ፍሬ ሠላሳና አርባ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ፍሬው ቢጨማደድ፣ ዋግ ቢመታው፣ መጀመሪያ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ገበሬው በእፍኙ ዘግኖ መዳፉ ላይ እያገላበጠ «ፍሬው ከሳ» የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚያዩት።

ትንሽነት ሲለካ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን የአሰላ ልጅ ለዓለም አሳይቷል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሲድኒ ላይ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 27 ደቂቃ ከ18 ነጥብ 20፣ ከ27 ደቂቃ ከ18 ነጥብ 29 ጋር። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች የ100 ሜትር ሩጫ አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት በ12 መቶኛ ሰከንድ ነው። ሃያ አምስት ዙር የሮጠ ሰው ያሸነፈው አሥር ሰከንድ ከማይሞላው ሩጫ ባነሰ ልዩነት ነው ማለት ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «በሽርፍራፊ ሰከንዶች» የሚሏት ቃል ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘችም። ሰዎች ግን «ለጥቂት» ነው ያሉት። «ለጥቂት ቀደመው።» ለጥቂት አመለጠ፣ ለጥቂት ተረፈ፣ ለጥቂት ወደቀ። ወርቁንና ብሩን የለየችው እሷ ናት።

ኃይሌን ካነሳን «እዚህች ጋ» የምትለዋን አንርሳ። ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየዕለቱ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ ሲመለስም እንዲሁ እንደነበር ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ደጋው ላይ ለመንገደኛ የሚሰጠውን መልስ ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። «እናቴ፣ ገበያው ሩቅ ነው?» «ኧረ እዚህች ጋ ናት!» አገጫቸውን ቀና አድርገው ኮረብታውን ያሳያሉ። ኮረብታው ሦስት ኮረብታ ሆኖ ይገኛል። አላታለሉም፤ ለእሳቸው እግር ቅርብ ነው፣ ለመንገደኛውም ብርታት እየሰጡት ነው። «መጣሁ አንዴ»፣ «ላፍታ ቆዩኝ»፣ «ጥቂት ደቂቃ» የሚሉትንም እንዲሁ ነው የምናዳምጣቸው። ባጃጅ ነጂ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፣ አሁን እንንቀሳቀሳለን» ካላችሁ «አሁን»ን ራሳችሁ ተርጉሙት።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ ባይለኩም ጉዳት የላቸውም፤ እንዲያውም ባይለኩ ይሻላል። አስተናጋጇ እናት «ቤት ያፈራትን ትንሽ ቅመሱ» ብላ ሰባት ዓይነት ስታቀርብ ግራም የሚጠይቃት የለም። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ትሕትናችን ወደ ጤና ጣቢያ አብሮን ሲሄድ ነው። ሦስት ቀን ምግብ ያልቀመሰ አዛውንት ሐኪም ፊት ተቀምጠው «ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። እናት ሕፃኗን ታቅፋ «ትንሽ አስቀምጦታል፣ ትንሽም ያተኩሰዋል» ትላለች። ትንሽ ስንት ጊዜ? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ የሚያደርገው ነገር የለም። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ትሕትናውን ከበሩ ውጭ ተዉትና ቁጥር ተናገሩ፦ ከትናንት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ወጣው፣ ሽንት ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም።

የተቅማጥ ነገር ከተነሳ፣ ቆንጠርና ላመል ፈጽሞ የማይገቡበት አንድ ብጥብጥ አለ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ብቻ በጥብጡት፤ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። «ትንሽ ወፈር ይበልለት» ብሎ ውሃ መቀነስ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ጨው ይበዛበታል። ፓኬቱ ካልተገኘ በቤት የሚዘጋጀው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ማንኪያው ሳይቆለል፣ አፉ ተስተካክሎ። ጨው በጣት አይቆነጠርም። ሽሮፕ ሲታዘዝም የሻይ ማንኪያ የሚባለው 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቤታችሁ ያለው ማንኪያ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ስለሚችል ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መስፈሪያ ተጠቀሙ። የአረም ማጥፊያ የምትረጩ ገበሬዎችም እንዲሁ፤ «ጨመር ሳደርግበት ቶሎ ይገድላል» የሚለው ሒሳብ ስንዴውንም ረጪውንም ይጎዳል።

እናንተም መድኃኒት ሲሰጣችሁ «በቀን ትንሽ ትንሽ ስጡት» ብሎ የሚሸኛችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ አፍራችሁ አትውጡ። «ስንት? በስንት ሰዓት ልዩነት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በብጣሽ ወረቀት ላይ አስጽፉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፣ 12 ሰከንድ)